ከቅጥር እስከ ስንብት፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በኢትዮጵያ በሥራ ላይ ያለውን አዋጅ የተከተሉ ናቸው፤ የድርጅቱ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ለሠራተኛው ከዚህ የተሻለ ከሰጠ፣ የሚሠራው የተሻለው ነው።

አዋጁ የሚመለከተው ማንን ነው?

በግል ድርጅት፣ በመንግሥት የልማት ድርጅት፣ በሱቅ፣ በፋብሪካ፣ በግንባታ ቦታ ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ውስጥ በአሠሪ መሪነት ለደመወዝ የሚሠራን ሰው ይመለከታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ፖሊስ፣ መከላከያ፣ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚያከራክረው «የሥራ መሪ» የሚለው ነው። የሥራ መሪ በአዋጁ ስለማይሸፈን ጉዳዩ የሚታየው በፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ አሠሪ ክስ ሲመጣበት «ይህ ሰው እኮ ኃላፊ ነበር» ይላል። በበሩ ላይ «ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ መለጠፉ ብቻውን አያደርገውም። የሚታየው ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት፣ የመመደብ ወይም የመቅጣት ሥልጣን በእጁ መኖሩ ነው። አምስት ሰው እያስተባበረ ፈቃድ እንኳ ራሱ መስጠት የማይችል ሱፐርቫይዘር ሠራተኛ ነው።

ውል ሳልፈርም ነው የምሠራው። መብት አለኝ?

አለ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሁለቱን ወገኖች ማንነት፣ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ ደመወዙንና አከፋፈሉን፣ የውሉን ዘመን የያዘ የተፈረመበት ደብዳቤ መስጠት አለበት። አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም።

ችግሩ የሚመጣው ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። ደመወዝ በባንክ የሚገባ ከሆነ የሂሳብ መግለጫው፣ የጡረታ መዋጮ የተቆረጠበት ዝርዝር፣ የመግቢያ ባጅ፣ የሰዓት ፊርማ፣ ከአለቃ የተላከ የቴሌግራም ትእዛዝ ሁሉም ይጠቅማሉ። በጥሬ ገንዘብ እየተከፈለው ምንም ሳይፈርም የሚሠራ ሰው ግን ያለው ማስረጃ የሥራ ባልደረቦቹ ምስክርነት ብቻ ነው፤ እነሱም ገና እዚያው ቤት ናቸው።

የሙከራ ጊዜ ስንት ነው?

ከፍተኛው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በጽሑፍ ካልተደረገም የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። «የሥራ ቀን» የሚለውን ልብ ይሏል። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው በዓላት ካልገቡበት በ10 ሳምንት ይጨርሳል፤ 5 ቀን የሚሠራው 12 ሳምንት ይፈጅበታል። ውሉ ላይ «የሙከራ ጊዜ 3 ወር» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ከ60ኛው የሥራ ቀን በኋላ ሰውየው ቋሚ ነው። በ85ኛው ቀን «ሙከራውን አላለፍክም» የሚል ደብዳቤ የጻፈ አሠሪ ሕገ ወጥ ስንብት ፈጽሟል።

በሙከራው ውስጥ ግን ሁለቱም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የስንብት ክፍያም ካሳም የለም። ቀድሞ በዚያው ሥራ ላይ የነበረን ሰው መልሶ ሲቀጥሩ ሁለተኛ ሙከራ ማስገባት አይቻልም።

በየስድስት ወሩ «ኮንትራት» እየታደሰልኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቋሚ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

መነሻው፣ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፦ የታወቀ አንድ ሥራ፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሰው መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ብዛት፣ አጣዳፊ ሥራ፣ ወቅታዊ ሥራ እና የመሳሰሉት። በድንገት ለዘለቄታው ክፍት በሆነ መደብ ላይ በጊዜያዊነት መመደብ ከ45 ተከታታይ የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ።

ስለዚህ የሚታየው የሥራው ባሕርይ ነው። ዳቦ ቤት ያለ ጋጋሪ ወረቀቱ ስድስት ጊዜ ቢታደስም የሚሠራው የድርጅቱን የዘወትር ሥራ ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ ነው ብሎ ለመከራከር ጥሩ መሠረት አለው። ለአንድ ሕንፃ ልስን የተቀጠረ ሰው ግን ልስኑ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። የታደሱትን ወረቀቶች በሙሉ ያስቀምጡ፤ አሠሪው ለማምለጫ ያዘጋጃቸው ወረቀቶች አገልግሎቱ ሳይቋረጥ መቀጠሉን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ናቸው።

የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዴት ይሰላል?

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሰዓት ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። የወር ደመወዝተኛን የሰዓት ደመወዝ ለማግኘት በተግባር የተለመደው ለ208 ማካፈል ነው (48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል)። 10,400 ብር የሚከፈለው ሰው በሰዓት 50 ብር ይደርሰዋል፤ ከሥራ ሰዓቱ በኋላ ለ2 ሰዓት ቢያመሽ 150 ብር፣ ከምሽቱ 4 በኋላ ለእያንዳንዱ ሰዓት 87.50፣ እሑድ በሰዓት 100 ብር ነው።

በዓል ላይ ሁለት ሂሳብ ይምታታል። በበዓል ቀን በመደበኛው 8 ሰዓት ውስጥ የተሠራው በ2 ይባዛል (አንቀጽ 75)፤ በዚያው ቀን ከ8 ሰዓት በላይ የተሠራው ነው በ2.5 የሚባዛው። በዓሉ እሑድ ላይ ቢውል ሁለት ክፍያ አይደረብም፤ አንዱ ብቻ ነው።

ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ የሚሠራውም አሠሪው በግልጽ ሲያዝ ነው። ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ የአሠሪው ነው። ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ «አመሽ ነበር» ብቻ አይበቃም፣ ማን እንዳዘዘና መቼ እንደሆነ መታየት አለበት። ቀንና ሰዓት የተጻፈባት ትንሽ ደብተርና «ዛሬ ጭነት ይገባል፣ ቆዩ» የምትል አንዲት የስልክ መልእክት ከብዙ ክርክር ያድናሉ።

የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን ነው? በገንዘብ መለወጥስ ይቻላል?

ለመጀመሪያው አንድ ዓመት 16 የሥራ ቀን፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሦስት ዓመት የሞላው 17፣ አምስት ዓመት የሞላው 18 ማለት ነው። የቀድሞው ሕግ መነሻው 14 ሆኖ በየዓመቱ አንድ ይጨምር ስለነበር ድሮ የተጻፉ የሥራ ደንቦች አሁንም ያንን ስሌት ይዘው ይገኛሉ።

ሥራ ላይ እያሉ ፈቃድን ትቶ ገንዘብ መውሰድ ክልክል ነው። አሠሪው ሥራ ቢበዛበት ወይም ሠራተኛው ቢጠይቅ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም። የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደው ይከፈላል፤ ዓመት ያልሞላውም በሠራበት ልክ ይሰላል።

ብታመም እስከ መቼ ይከፈለኛል?

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ በተከታታይም ሆነ በተቆራረጠ ጊዜ ይቆጠራል። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ከሥራ በቀረ ማግስት ማሳወቅና ከታወቀ ሕክምና ተቋም ማስረጃ ማምጣት ያስፈልጋል።

ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ላይ ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ቀጣዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። የሕክምናውን ወጪም አሠሪው ይችላል። ስለዚህ ማሽን ጣቱን የቆረጠው ሰው «ለጊዜው የሕመም ፈቃድ ብለህ ሙላ» ሲባል መሙላት የለበትም።

የወሊድ ፈቃድስ? አባትስ?

እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር አላት። የ30ው ቀን አልቆ ካልወለደች እስክትወልድ ተጨማሪ ፈቃድ ታገኛለች፤ ቀድማ ከወለደች የድኅረ ወሊዱ ከዚያው ይጀምራል። ለእርግዝና ክትትል ሐኪም ዘንድ የምትሄድበት ጊዜም ይከፈላል። አባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው፤ ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞትም 3 የሥራ ቀን ይሰጣል።

ከደመወዜ «የካዝና ጉድለት» ተብሎ ተቆረጠብኝ። ይቻላል?

አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው። በምንም መንገድ ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ በላይ መቁረጥ አይቻልም። የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) የሕግ ተቀናሾች ናቸው። የአሠሪውን 11 በመቶ ከሠራተኛው ላይ የሚቀንስ ድርጅት ካለ የማይገባውን ነው የሚወስደው።

ሥራ መልቀቅ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

ለአሠሪው የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» ብሎ ቀንና ማኅተም ማስደረግ፣ እስከ መጨረሻው ቀን መሥራት። ሳያሳውቅ የጠፋ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ክብርን የሚነካ ድርጊት ወይም ጾታዊ ትንኮሳ ከፈጸመ፣ ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ አደጋ ተነግሮት ካላስወገደ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጻል፣ መብቱም ድርጊቱ በተፈጸመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል።

የሚገባው ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊፈረድበት ይችላል። ክሊራንስ አላለቀም ተብሎ የሥራ ልምድ ማስረጃ መያዝ ሕጋዊ መሠረት የለውም። የሠራውን ሥራ፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የያዘ ማስረጃ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ በነፃ ይሰጣል። በሒሳብ ካልተስማሙም አሠሪው ያመነበትን ከፍሎ በቀሪው ላይ ነው የሚከራከረው።

አሠሪ ነኝ። ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የምችለው መቼ ነው?

አንቀጽ 27 ምክንያቶቹን ይዘረዝራል። በብዛት የሚያጋጥሙት፦ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ፣ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት፣ ማታለል፣ የአሠሪውን ንብረት ወይም ገንዘብ ያለ አግባብ መጠቀም፣ በሥራ ቦታ መደባደብ (እንደ ክብደቱ)፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ንብረት ማጥፋት።

አሠሪ የሚረታባቸው ስሕተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ለማርፈድና ለመቅረት ቀደም ብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት። የጣት አሻራው ማሽን 11 ማርፈድ ቢያሳይም በፋይሉ ውስጥ አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከሌለ መዝገቡ ባዶ ነው። ሠራተኛው አልቀበልም ካለ ይህንኑ ጽፎ ሁለት ምስክር ማስፈረም ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው፦ አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀራል። «ለበዓሉ ብዬ ታገሥኩት» የሚለው አዛኝነት ሰው ዘንድ ያስመሰግናል፤ ችሎት ፊት ግን አያስረታም። የስንብት ደብዳቤውም ምክንያቱንና ቀኑን ለይቶ ይጻፍ፤ «በሥነ ምግባር ጉድለት» ብቻ አይበቃም።

«ማስጠንቀቂያ» ሲባል የትኛው ነው?

አማርኛችን ለሁለት ነገር አንድ ቃል ስለሚጠቀም ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዱ የጥፋት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሠራተኛው አጥፍቶ የሚጻፍለት። ሌላው የስንብት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ውሉ በዚህ ቀን ያበቃል ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ። አሠሪው በችሎታ ማነስ፣ በጤና ወይም በድርጅቱ ሁኔታ ምክንያት ሲያሰናብት የሚሰጠው ሁለተኛው ነው።

ርዝመቱ በአገልግሎት ይለያያል፦ ሙከራ ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ለሠራ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር፤ በሠራተኛ ቅነሳ ሲሆን 2 ወር። ለራሱ በእጁ ይሰጣል። ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ በሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀን ይለጠፋል። ጊዜውን ያልሰጠ አሠሪ ደመወዙን ይከፍላል።

የስንብት ክፍያ ለማን ነው? ስንት ይደርሰኛል?

ሥራ ለለቀቀ ሁሉ አይደለም። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ በቅነሳ፣ ከሕግ ውጭ ሲሰናበት፣ በሕክምና በተረጋገጠ መሥራት አለመቻል፣ በአሠሪው በደል ምክንያት ሲለቅ ይከፈላል። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት አገልግሎ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ያገኛል፤ አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ደብዳቤ የሚያስገባ ሰው ሁለት ወር ቢታገሥ ይሻለዋል። በአንቀጽ 27 በሕጋዊ መንገድ የተሰናበተ የስንብት ክፍያ የለውም፤ ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ግን ይከፈለዋል።

ስሌቱ፦ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ሲሶ። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በወር 12,000 ብር (በቀን 400) እየተከፈለው 7 ዓመት ከ6 ወር የሠራ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 12,000፣ ለ6 ዓመት ተኩሉ 4,000 በ6.5 ሲባዛ 26,000፣ በድምሩ 38,000 ብር ያገኛል። የወጣው በቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት ከሆነ 60 የቀን ደመወዝ፣ ማለትም 24,000 ይጨመርና 62,000 ይሆናል።

ከሕግ ውጭ ተሰናበትኩ። ፍርድ ቤት ምን ሊወስንልኝ ይችላል?

ወደ ሥራ መመለስ ወይም ካሳ። ምክንያቱ የማኅበር አባልነት፣ አቤቱታ ማቅረብ፣ እርግዝና፣ ሃይማኖት፣ ዘር እና የመሳሰለው ከሆነ መፍትሔው ወደ ሥራ መመለስ ነው። በሌሎቹ ላይ ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር ይፈጥራል ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ ሠራተኛው ልመለስ ቢልም በካሳ ሊያሰናብተው ይችላል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ካሳው የቀን ደመወዝ በ180 ተባዝቶ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ደመወዝም ታክሎበት ነው፤ የስንብት ክፍያውም ከዚህ በላይ ይታሰባል። ከላይ ያነሣነው ሰው ላይ፦ 72,000፣ ሲደመር የ2 ወር 24,000፣ ሲደመር 38,000፤ 134,000 ብር። እንዲመለስ ከተወሰነለት ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወስን ይችላል።

ስወጣ «ምንም የምጠይቀው የለኝም» የሚል ወረቀት አስፈረሙኝ። አበቃልኝ?

አላበቃም። በስምምነት መለያየት ይቻላል፣ በጽሑፍ መሆንም አለበት፤ ነገር ግን ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ቢተው መተዉ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። የተቀበሉት ገንዘብ ይቀነሳል፣ ቀሪው ይጠየቃል። ሲፈርሙ ከፊርማው አጠገብ የተቀበሉትን የብር መጠንና «በቀሪው አልስማማም» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ነገሩን ያቀለዋል። «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚለውን ግን ያልለቀቀ ሰው አይፈርም፤ ያ ወረቀት ስንብቱን ራሱን ስለሚክድ ማስተባበሉ ከባድ ነው።

ለመክሰስ እስከ መቼ ጊዜ አለኝ?

በአንቀጽ 163 ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) አጭር ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን በ6 ወር፣ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ በ6 ወር፣ ሌላው በ1 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ትርፍ ሰዓት ወር በወር ነው የሚቆጠረው፤ ዛሬ የተከሰሰ አሠሪ የሁለት ዓመት ውዝፍ ቢኖርበትም የሚያስጠይቀው የመጨረሻው 6 ወር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የቀረበ አቤቱታም በጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥበት ይርጋውን ያቋርጣል፤ መቅረቡን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ግን በእጅ ይኑር። አለቃ በቃል «እናየዋለን፣ ትንሽ ታገሥ» ማለቱ ምንም አያቋርጥም። የስንብት ደብዳቤው ጥቅምት 1 ቀን የደረሰውና ውሉ በዚያው ቀን የተቋረጠበት ሰው ልመለስ ለማለት እስከ ጥር 1፣ ክፍያ ለመጠየቅ እስከ ሚያዝያ 1 አለው። ገና እስኪያልፍ፣ ጥምቀት እስኪያልፍ እያለ የጠበቀ ሰው ጥር 15 ላይ የመመለስ ጥያቄውን ይዞ ቢመጣ፣ አሠሪው ይርጋውን ካነሣ ዳኛው ስንብቱ ፍትሐዊ ነበር ወይስ አልነበረም ወደሚለው ሳይገባ ይዘጋዋል።